ፒኤስ4ዬ አፕዴት ሆኖ ጌሞቼ ተቆለፉ፤ ወደ ድሮው ይመለሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ሦስት ፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) ነው የማሠራው። ሦስቱንም ጌም ተጭኖባቸው ከአዲስ አበባ ነው የገዛኋቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የስልኩን ሆትስፖት ከአንዱ ማሽን ጋር አገናኘው። ማሽኑ አፕዴት ጠየቀ፣ ልጁም እሺ አለው። አሁን ጌሞቹ ሁሉ የቁልፍ ምልክት ወጥቶባቸዋል፤ አንዱም አይከፈትም። ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል? የቀሩትን ሁለቱንስ ምን ላድርጋቸው? ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናደደኝን ልጠይቅዎት፦ ገንዘቤን ከፍዬ በገዛሁት ዕቃ ድርጅቱ ምን አገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሦስት ማሽን ለሚያሠራ ሰው አንዱ ሲቆም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን እንይ። የመጨረሻው ጥያቄህ ግን ለእኔ ትልቁ ነው፤ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ጌሞቹ ላይ ቁልፍ ስላየህ ብቻ አፕዴቱ ገብቷል ማለት አይደለም። ሴቲንግስ ውስጥ ግባና ሲስተም የሚለውን ክፈት፤ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን። እዚያ የሲስተም ሶፍትዌሩ ቨርዥን በቁጥር ተጽፏል። 9.00 ሊል ይችላል፣ 11.00 ሊል ይችላል። ስትገዛው ስንት እንደነበረ ካላወቅህ ከሁለቱ ማሽኖችህ ጋር አስተያየው። ከአንድ ሻጭ አንድ ላይ የመጡ ከሆነ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው።

ይህን የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ጌም ተጭኖባቸው የሚሸጡ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ጄልብሬክ የተደረጉ ናቸው፤ ማለት የተገለበጠ ጌም እንዲቀበሉ ጥበቃቸው ተሰብሯል። የፒኤስ4 ጄልብሬክ ማሽኑ ውስጥ ተጽፎ የሚቀር ነገር አይደለም። የሚሠራው ጊዜያዊ ሚሞሪው ላይ ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲነሳ እንደገና መደረግ አለበት። ሬስት ሞድ ላይ (ሳታጠፋው አስተኝተህ) ብታቆየው ይቆያል፤ መብራት ሲሄድ ግን ያበቃል። ብዙ ሻጮች ይህን ለገዢው አይነግሩም። ስለዚህ ማታ መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት ጌሞቹ ተቆልፈው ይገኛሉ፣ ሰውየውም «አፕዴት ሆነብኝ» ብሎ ማሽኑን ተሸክሞ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። እኛ ዘንድ መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ያንተም ማሽን እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ልጁ እሺ ብሎታል ብለሃል። ቢሆንም ፋይሉን ማውረድ ሌላ፣ መጫን ሌላ ነው። የፒኤስ4 አፕዴት ግማሽ ጊጋ ባይት አካባቢ ነው። በስልክ ሆትስፖት ያ ሁሉ ወርዶ ላያልቅ ይችላል። ወርዶም ሳይጫን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ካልተቀየረ ኖቲፊኬሽን ውስጥ ገብተህ የወረደውን የአፕዴት ፋይል ፈልግና አጥፋው። እዚያ ተቀምጦ ከቆየ ነገ ሌላ ልጅ ሊጫነው ይችላል።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኘኸው ግን ቁርጡን ልንገርህ። በሶፍትዌር ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። በፍላሽ የድሮውን ፋይል ብትሰጠው ማሽኑ አይቀበለውም። «በ500 ብር እመልስልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘብህን አትስጠው።

ለምን አይቻልም? የአፕዴት ፋይል ሲሠራ ድርጅቱ፣ ማለት የማሽኑ አምራች ሶኒ፣ በሚስጥር ቁልፉ ይፈርምበታል። ማሽኑ ፊርማውን አረጋግጦ ነው የሚቀበለው። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የድሮውም ፋይል በራሱ በድርጅቱ የተፈረመ ስለሆነ ይገባ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቁጥጥር ተጨመረበት፦ ማሽኑ አሁን ያለበትን ቨርዥን በራሱ ቺፕ ውስጥ መዝግቦ ይይዛል፤ ከዚያ በታች የሆነ ሲመጣ እምቢ ይላል። የሌላው ጌም አምራች የኔንቲዶ ማሽን፣ ስዊች፣ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ኢፊውዝ የሚባሉ በጣም ጥቃቅን መስመሮች አሉ። አንዳንድ አፕዴቶች ሲገቡ አንዱን መስመር በኤሌክትሪክ ያቃጥሉታል። ማሽኑ ሲነሳ የተቃጠሉትን ይቆጥራል፤ ሶፍትዌሩ ከሚጠብቀው በላይ ከሆኑ አይነሳም። የተቃጠለ መስመር አይጠገንም። ኤክስቦክስ 360ም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ይኸው ዘዴ ነበረው።

በፒኤስ4 አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ማሽኑ የሲስተሙን አንኳር ክፍል በሁለት ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። አዲሱ ሲገባ ከአሁኑ በፊት የነበረው በሌላው ቦታ ይቀራል። ቦርዱን ፈትቶ፣ ቺፖቹን አንብቦና አስተካክሎ ወደዚያ ወደ ቀዳሚው ብቻ መመለስ የሚችል ባለሙያ አለ። ሥራው ብየዳና ልዩ ማንበቢያ ይጠይቃል። ቺፑ ከተበላሸ ማሽኑ ጨርሶ ይሞታል። ሁለት ጊዜ አፕዴት ከሆነ ደግሞ የምትፈልገው ቨርዥን ላይኖር ይችላል። ለአንድ ጌም ቤት ማሽን ይህን አልመክርም። በዚያ ገንዘብ ሁለት ሦስት ኦርጅናል ሲዲ ይገዛል።

አሁን ወደ «ምን አገባው?» ልምጣ።

ድርጅቱ የሚያገባው ነገር አለ። የማያገባውም አለ። ሁለቱን ለይቶ የማያይ ሰው ወይ ድርጅቱን በጭፍን ይሳደባል፣ ወይ በጭፍን ይታዘዛል። ይህን ለማሳየት ከፒኤስ3 ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ትንሽ ታገሠኝ።

ፒኤስ3 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ አዘር ኦኤስ የሚባል ነገር ነበረው። ባለቤቱ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ጭኖ ማሽኑን እንደ ኮምፒውተር መጠቀም ይችል ነበር። ይህ የተደበቀ ቀዳዳ አልነበረም፤ ሶኒ ራሱ አስተዋውቆ የሸጠው አገልግሎት ነው። ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ ተማሩበት፣ ተመራማሪዎችም ስሌት ሠሩበት። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ከ1,700 በላይ ፒኤስ3 አገናኝቶ ሱፐር ኮምፒውተር ሠርቶበታል። በጥር 2010 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ ወጣት የማሽኑን ጥበቃ መስበር እንደቻለ አሳወቀ፤ የገባውም በዚሁ በሊኑክሱ በኩል ነበር። ሶኒ ምን አደረገ? ሚያዝያ 1 ቀን 2010 በወጣው 3.21 አፕዴት አዘር ኦኤስን ከነበረባቸው ማሽኖች ላይ አነሳው።

አፕዴቱ በግድ አይደለም ተባለ። ግን ያላደረገ ሰው የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት የሆነው ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ውስጥ አይገባም፣ ኦንላይን አይጫወትም፣ አዲሱን ቨርዥን የሚጠይቁ ጌሞችም አይሠሩለትም። ያደረገ ደግሞ ሊኑክሱን ያጣል። ሁለቱንም በአንድ ዋጋ የገዛ ሰው አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። ቤት የሸጠልህ ሰው ከዓመታት በኋላ መጥቶ «ሌባ በዚህ ክፍል ሊገባ ይችላል» ብሎ አንዱን ክፍል ቢያሽግብህ ዝም አትልም። አሜሪካኖቹም ዝም አላሉም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዓመታት ፈጅቶ በ2018 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ለአንድ ባለ ማሽን የሚደርሰው ቢበዛ 65 ዶላር ነበር።

ጥበቃው ግን ክፍሉ ከታሸገ በኋላ ነው የባሰ የፈረሰው። እስከዚያ ድረስ ጎበዞቹ ሊኑክስ ስለነበራቸው ማሽኑን ለመስበር ብዙም ምክንያት አልነበራቸውም። ሲዘጋባቸው ሁሉም ተነሳ። በነሐሴ 2010 ፒኤስ ጄልብሬክ የሚባል የዩኤስቢ መሣሪያ ወጣ። ሶኒ በመስከረም በ3.42 ዘጋው። በታኅሣሥ በርሊን ላይ በተደረገ ስብሰባ ፌይል ኦቨርፍሎው የሚባል ቡድን የሶኒን ስህተት አሳየ። ፋይሎቹ ሲፈረሙ በእያንዳንዱ ፊርማ ውስጥ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር መግባት ነበረበት። ሶኒ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር የሚያስገባው። በዚህ የተነሳ ሁለት ፊርማ ይዞ በሒሳብ ብቻ ሚስጥሩን ቁልፍ ማውጣት ተቻለ። በጥር 2011 ሆትዝ ሌላ ዋና ቁልፍ ለሕዝብ ለቀቀ። ሶኒ ከሰሰው፤ በሚያዝያ ታረቁ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ድርጅቱ የራሱን ቀዳዳ መድፈን መብቱ ነው። ጌም የሚሠሩ ሰዎች በሥራቸው እንዲያድሩ ያስፈልጋል። ኦንላይን ላይ ደግሞ የተነካካ ማሽን ይዞ የሚገባ አጭበርባሪ በሐቅ የሚጫወተውን ሁሉ ያስመርራል፤ በፊፋ በማይቆጠር ጎል የተሸነፈ ልጅ ይህን ያውቀዋል። የሸጠውን አገልግሎት መልሶ መውሰድ ግን መብቱ አይደለም። አሁንም ያ ልማድ አልቀረም። ኔንቲዶ በግንቦት 2025 የአሜሪካ ደንበኞቹን ውል አሻሽሎ፣ ውሉን የጣሰ ሰው ማሽን በከፊል ወይም በሙሉ ለዘለቄታው እንዳይሠራ ሊያደርግ እንደሚችል ጻፈበት። በሰኔ ስዊች 2 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የጌም መገልበጫ ካርድ የተጠቀሙ ማሽኖች ከኦንላይን መታገድ ጀመሩ። እገዳው የሚጣለው ማሽኑ ላይ ስለሆነ ሰውየው ቢሸጠው ቅጣቱ ለገዢው ይተርፋል። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ሁለተኛ እጅ የምንገዛ ሰዎች ነን።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ዝምታቸው ነው። አብዛኛው የፒኤስ4 አፕዴት መግለጫ «የሲስተሙን አፈጻጸም ያሻሽላል» ከሚል አንድ መስመር አያልፍም። ምን እንደዘጋ፣ ምን እንደነካ አይናገርም። ባለቤቱ የማያውቀውን ነገር እሺ እንዲል ይጠየቃል። ሐኪም እንኳ መድኃኒት ሲሰጥ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ይናገር ማለታችንም ተገቢ ነው።

ሶኒ በበጎ የሚነሳበትም ሥራ አለው። በሰኔ 2020 ቀዳዳ አግኝቶ ለሚነግራቸው ሰው እንደሚከፍሉ በይፋ አስታወቁ። ከባድ ለሆነ የፒኤስ4 ቀዳዳ ክፍያው ከ50,000 ዶላር ይጀምራል። በ2024 አንዲ ንጉየን የተባለ ተመራማሪ እስከ 11.00 ባለው ፒኤስ4 ላይ የሚሠራ ቀዳዳ ያሳወቀው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ለድርጅቱ ነገረ፤ እነሱ ደፈኑት፤ ከዚያ ነው ለሕዝብ የወጣው። የሚገርመው፣ ስህተቱ ፒኤስ4 ከተሠራበት ሶፍትዌር የተወረሰ ነበር፤ በ2006 የታወቀ አሮጌ ስህተት ነው። ሐቀኛ መንገድ ሲከፈትላቸው ጎበዞቹ ይሄዱበታል።

አፕዴት ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ የሚያሳይም ታሪክ አለ፤ አንተን በቀጥታ ይነካሃል። ፒኤስ4 ውስጥ ሰዓት የሚጠብቅ ክብ ባትሪ አለ፤ ሲአር2032 ነው። ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ሰዓቱን ይስታል። ከ9.00 በታች ባለ ማሽን ላይ ይህ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ገብቶ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ ጌም አይከፍትም ነበር፤ በገንዘብህ የገዛኸው ኦርጅናል ሲዲ እንኳ ቢሆን። ምክንያቱ ትሮፊ የሚባሉት ሽልማቶች በትክክለኛ ሰዓት መመዝገብ ስላለባቸው ነው። ተጫዋቾች ብዙ ጮኹ። በመስከረም 2021 የወጣው 9.00 ይህን ፈታው። ኢንተርኔት በሌለበት ገጠር ከተማ ለሚሠራ ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላለ ልጅ «በጭራሽ አፕዴት እንዳታደርግ» ብሎ የሚመክር ሰው ይህን አያውቅም ማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ «አፕዴት ማሽኑን ያሞቀዋል፣ ያስጮኸዋል» የሚለውን ተወው። ከሸዋ ሮቢት የሚመጡ ማሽኖች እንደ አውሮፕላን የሚጮሁት ቆላው ስለሚሞቅ፣ ፋኑ አቧራ ስለሚሞላና ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ስለሚደርቅ ነው። ሲጸዳና ፔስቱ ሲቀየር ጩኸቱ ይቀንሳል።

ጄልብሬክ ስለተደረጉት ጌሞችም ሳልሸፋፍን ልናገር። የኮምፒውተር ፕሮግራም በሕግ የተጠበቀ ሥራ ነው፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። የተገለበጠ ጌም አስጭነህ በሰዓት እያስከፈልህ ስታጫውት ከዚህ ሕግ ጋር ትጋጫለህ። ይህን ማወቅ አለብህ። በሌላ በኩል ሰው ሌብነት ወዶ ብቻ አይደለም እዚህ የደረሰው። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ልጆቻችን የሌላ አገር ስም ሰጥተው ነው የሚከፍቱት። በብር ከኦንላይን ስቶሩ መግዛት አይቻልም። የውጭ ካርድ ያለው ጥቂት ሰው ነው። በሩን ሳይከፍቱ «ለምን በመስኮት ገባችሁ?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ድርጅቶቹ ይህን ሰምተው የእኛን ገበያ እንዲያስቡበት ከልቤ እመኛለሁ።

ግን አንድ የተከፈተ በር አለ፤ እሱም ሲዲ ነው። የፒኤስ4 ኦርጅናል ሲዲ አካውንት አይጠይቅም፣ ካርድ አይጠይቅም። የአብዛኛው ጌም ሲዲ ኢንተርኔት ሳይኖር ይጫናል፣ ይጫወታል። አገርም አይለይም፤ ከዱባይ የመጣውም ከአውሮፓ የመጣውም ያንተ ማሽን ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ሲዲ ይሸጣል፣ ይቀያየራል። ለጌም ቤት ደግሞ ሥራው ሁሉ ኳስ ነው፤ ሁለት ልጅ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ጨዋታ። ማሽኑ ላይ ሃምሳ ጌም ቢጫንም የሚከፈተው ፊፋ ነው። የቆየ እትም በርካሽ ይገኛል። ስለዚህ አፕዴት የሆነውን ማሽን እንደሞተ አትቁጠረው። የተቆለፉትን ጌሞች አጥፍተህ ቦታ አስለቅቅ። አንድ የኳስ ሲዲ ግዛለት። ሲዲው እዚያው ውስጥ ይቀመጥ፤ ልጆች እያወጡ እያስገቡ ነው የሚጭሩት። ጄልብሬክ የነበረ ማሽን ኦንላይን ሲገባ ሊታገድ ይችላል። በሲዲና ያለ ኢንተርኔት ለሚሠራ ጌም ቤት ግን እገዳው ብዙም አይነካህም።

ሌላ አዲስ ነገር ከመጀመርህ በፊት ሴቭ የተደረጉትን ፋይሎች ወደ ፍላሽ ገልብጣቸው። ሴቲንግስ ውስጥ የሴቭ ዳታ ማስተዳደሪያው አለ፤ ወደ ዩኤስቢ ኮፒ የሚል ታገኛለህ። ሴቭ ፋይል ከተሠራበት የተጠቃሚ አካውንት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዩዘሩን አታጥፋው። ወራት የለፋበትን ካሪየር ሞድ ያጣ ልጅ አይቻለሁ፤ አንጀት ይበላል።

አሁን ሁለቱ ማሽኖች። ውሳኔው ያንተ ነው፤ ዋናው ነገር ልጅ ወይም አጋጣሚ እንዳይወስንልህ ማድረግ ነው። ዛሬውኑ የሁለቱንም ቨርዥን እየው። ፕላስተር ላይ ጽፈህ ጀርባቸው ላይ ለጥፍ። ባሉበት ልታቆያቸው ከፈለግህ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝ የሚለውን ምልክት አንሳው። ሲስተም ውስጥ ደግሞ በራሱ የሚያወርደው አለ፤ የሲስተም ሶፍትዌር ፋይል የሚለውንም አንሳ። እንዲህም አድርገህ ሙሉ በሙሉ አትተማመን፤ ምክንያቱም ሲዲም አፕዴት ይዞ ይመጣል። አዲስ ጌም ስታስገባ የሚጠይቀው ቨርዥን ካንተ ከበለጠ፣ አፕዴቱ እዚያው ሲዲው ላይ ስላለ ያለ ኢንተርኔትም ሊጫን ይችላል። እሺ ከማለትህ በፊት ቁጥሩን አንብብ። የሚያሠራልህ ልጅ ካለም ይህን ንገረው፦ «አፕዴት» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ክቡን ተጭኖ ይውጣ፣ ኤክስ እንዳይነካ።

የቀስ በቀስ ሐሳቤ ግን ሌላ ነው። አንዱን በሲዲ ስታለማምደው ገቢው እንደማይቀንስ ካየህ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አስከትል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ጄልብሬክ ማድረግም፣ መብራት ሲመጣ እንደገና መጀመርም ይቀርልሃል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ማሽን ሲያስቸግርህ የምታጣውን ገንዘብ አስበው።

አፕዴት ልታደርጋቸው ከወሰንህ እያንዳንዱን ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አታገናኝ። የአፕዴቱን ፋይል ከሶኒ ኦፊሴላዊ ገጽ በኮምፒውተር አንድ ጊዜ አውርድና በፍላሽ ለሁሉም ተጠቀምበት። ዳታም ጊዜም ትቆጥባለህ። ከቴሌግራም ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ፋይል አትቀበል። የፍላሹ ፎርማት ፋት 32 ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት። ውስጡ ፒኤስ4 የሚል ፎልደር ፍጠር፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ አፕዴት የሚል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ይጻፉ። የፋይሉም ስም ፒኤስ4አፕዴት ነው፤ ክፍተት የለውም፣ እሱም በትልልቅ ፊደላት ነው። ሁለት ጊዜ ካወረድከው ኮምፒውተሩ ስሙ ላይ ቁጥር ይጨምርበታል፤ ያኔ ማሽኑ ፋይሉን አላገኘሁም ይልሃል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ መብራቱን ጠብቅ። አፕዴት እየገባ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካለው ሰው ተዋስ። መብራት ሲመላለስ በሚውልበት ቀን አትጀምር፤ ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት ሰዓትም ተው። እንደዚያ ሆኖ ካልተነሳ አትደንግጥ። የማብሪያውን ቁልፍ ሰባት ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ ሁለተኛውን ድምፅ ስትሰማ ልቀቅ። ሴፍ ሞድ ይከፈታል። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኘው፣ ያለ ገመድ አይሠራም። ሦስተኛው ምርጫ አፕዴቱን ከፍላሽ ይጭንልሃል፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው አይነካም። ሰባተኛው ምርጫ ሁሉንም አጥፍቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናል። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ፋይል ሌላ ነው፤ አንድ ጊጋ አካባቢ ይሆናል። የመጨረሻ አማራጭህ እሱ ነው። ሃርድ ዲስክ ስትቀይርም በዚያው ትጠቀማለህ።

አራተኛ ማሽን ለመግዛት ካሰብህ ሻጩ ፊት ሳታይ ገንዘብ አትቁጠር። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አስጠፍተህ እንደገና አስነሳው። የሲስተሙን ቁጥር አንብብ። ኦርጅናል ሲዲ ይዘህ ሂድና አስገብተህ ሞክረው፤ ሲዲ የማያነብ ፒኤስ4 በጌም ብዛት ተሸፍኖ ነው የሚሸጠው። ኦንላይን ልትጫወትበት የምትፈልገው ማሽን ከሆነ ግን፣ በተለይ ስዊች 2፣ እዚያው ዋይፋይ አገናኝተህ በራስህ አካውንት ግባ። ታግዶ እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

ለአሁኑ ግን የመጀመሪያውን ማሽን ቁጥር አይተህ ጻፍልኝ። ጀርባው ላይ በሲዩኤች የሚጀምር የሞዴል ቁጥር አለ፤ እሱንም ጨምርበት። ቁጥሩ ከሁለቱ ጋር አንድ ከሆነ፣ ማሽንህ አፕዴት አልሆነም፤ መብራት ነው ያስቸገረህ።